ቬጊስ፣ ፊትስናው ወይስ ጌርሳው? ከሪጊ ተራራ ሥር ካሉት ሦስት መንደሮች የትኛው ይሻላችኋል

ባለፈው ዓመት እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጣች። ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ "ተራራውንም ውሃውንም አንድ ላይ የማይበት ቦታ ውሰዱኝ" አለች። ስዊዘርላንድ ውስጥ ይሄ ቀላል ጥያቄ ነው። የሚያስቸግረው የምርጫው ብዛት ነው። ስልኬን ከፍቼ ከሉሰርን ከተማ ተነስቼ የሐይቁን ዳር ስከተል፣ ሪጊ የሚባለው ተራራ ደቡባዊ እግሩን ውሃው ውስጥ በነከረበት በኩል ተከታትለው የተቀመጡ ሦስት መንደሮች አገኘሁ፤ ቬጊስ፣ ፊትስናው፣ ጌርሳው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሦስቱም "የሐይቅ እይታ" ይላሉ። ፎቶ ላይ ደግሞ ቁርጥ አንድ ናቸው፤ ከፊት ሰማያዊ ውሃ፣ መሀል ላይ የቤተ ክርስቲያን ማማ፣ ከኋላ አረንጓዴ ገደል። እኔም ዋጋ አይቼ ረከስ ያለውን ያዝኩ።

ተሸወድኩ ማለት ይከብደኛል። ግን አስቤበት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሦስቱንም ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ፣ ታሪካቸውንም ሳገላብጥ ከርሜያለሁ። አሁን ሰው የቱን ልያዝ ብሎ ሲጠይቀኝ ስለ ሆቴል አላወራም። አንዱ መንደር የተሸጠ ነው፣ አንዱ ራሱን የገዛ ነው፣ አንዱን ደግሞ ባቡር የሠራው ነው እላለሁ። ሰው ይስቃል። ሄዶ ሲያየው ግን ይገባዋል።

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ተራራው ምን ዘጋ፣ ምን ከፈተ

እኛ በአጭሩ የሉሰርን ሐይቅ እንለዋለን። የአገሬው ሰው የሚጠራበት ስም ግን ረዥም ነው፤ ሲፈታ "የአራቱ የደን አገሮች ሐይቅ" ማለት ነው። አራቱ ኡሪ፣ ሽቪትስ፣ ኡንተርቫልደንና ሉሰርን ናቸው። ውሃው 114 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፣ ጥልቅ በሆነበት ቦታ 214 ሜትር ይወርዳል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 434 ሜትር ላይ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ብትረሷቸው ግድ የለም። ቅርጹን ግን አትርሱ። ይሄ ሐይቅ እንደ ጣና ቆመው በአንድ ጊዜ የሚያዩት ሰፊ ውሃ አይደለም። የታጠፈ፣ የተቆላለፈ፣ ክንድ ክንድ ያለው ነው። አንዱን ጥግ ስትዞሩ የኋላው ይጠፋና ሌላ ሐይቅ ውስጥ የገባችሁ ይመስላችኋል።

ከጥጎቹ ሁሉ ዋናው ፊትስናው አጠገብ ያለው ነው። እዚያ ከሪጊ በኩል አንድ ድንጋይ ወደ ውሃው ይወጣል፣ ከማዶ ቡርገንሽቶክ ከሚባለው ተራራ በኩል ሌላው ይወጣል፣ መሀላቸው ከአንድ ኪሎ ሜትር ያነሰ ውሃ ይቀራል። የአገሩ ሰዎች ሁለቱን "አፍንጫዎች" ይሏቸዋል፣ የላይኛው አፍንጫና የታችኛው አፍንጫ። ቬጊስና ፊትስናው ከአፍንጫዎቹ ወዲህ፣ ወደ ሉሰርን በኩል ናቸው። ጌርሳው ከአፍንጫዎቹ ወዲያ ነው። ካርታ ላይ የጣት ስፋት ናት፤ የሦስቱ መንደሮች ዕጣ የተለያየው ግን በዚያች ጣት ነው።

ሪጊ ራሱ 1,798 ሜትር ነው። እንደ ሌሎቹ የአልፕስ ጫፎች የሾለ በረዶ አይደለም። ሰፊ፣ ሣር የለበሰ፣ ላም የሚግጥበት ተራራ ነው። ድንጋዩ ያስገርማል። ወንዝ ያንከባለላቸው ክብ ክብ ጠጠሮች እርስ በርስ ተጣብቀው የደረቁበት ነው፤ አንድ ሰነፍ ግንበኛ ኮንክሪት አቡክቶ ሳይለስነው ትቶት የሄደ ይመስላል። ጠጠሮቹ የምስማር ራስ ስለሚመስሉ በጀርመንኛ "የምስማር ድንጋይ" ይሉታል። ወደ ጌርሳው ሲቀርብ ዓለቱ ይቀየርና ኖራ ድንጋይ ይሆናል፣ ጫፎቹም ይሾላሉ። በፊትስናውና በጌርሳው መሀል የቆመው 1,451 ሜትር ያለው ጫፍ ሁለት ስም አለው። ከወዲህ የፊትስናው ጫፍ ይባላል፣ ከወዲያ የጌርሳው ጫፍ። ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው።

ተራራው የሰሜኑን ቀዝቃዛ ንፋስ ይከለክላል። ፀሐዩ ደግሞ ከደቡብ ይመጣና ውሃው ላይ ነጥሮ ቤቶቹ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሦስቱም መንደሮች ውስጥ በለስና ዘንባባ ታያላችሁ፣ ከላይ ዳገቱ ላይ ቼስትነት የሚባለው ዛፍ አለ። እማዬ መጀመሪያ ዘንባባውን ስታይ የላስቲክ መስሏት ነካችው። ከደቡብ የሚመጣው ፎን የሚባለው ሞቃት ንፋስ ግን ሌላ ነገር ነው። ሲመጣ ሰማዩን ያጠራል፣ ተራራውን እጃችሁን ብትዘረጉ የምትነኩት ያስመስላል። ሲበረታ ደግሞ ሐይቁን ያናውጣል፣ ራስ ምታት ያለበትን ሰውም ያስለቅሳል።

ይኸው ተራራ ብርዱን ሲዘጋ መንገዱንም ዘጋ። ጌርሳው የሠረገላ መንገድ ያየችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት ወይ በጀልባ ወይ በእግር ነበር።

ቬጊስ፤ የተሸጠው

በ1359 ቬጊስና ጌርሳው አብረው ከደን አገሮቹ ጋር ቃል ኪዳን ገቡ። እኩል ነበሩ። ከዚያ በ1380 የሉሰርን ከተማ በቬጊስ ላይ ያለውን የገዥነት መብት ገዛ። ፊትስናውም የዚያው ግዛት አካል ነበረች፣ አብራ ሄደች። በዚያ ዘመን ቦታውና ሰዎቹ ላይ ያለ ሥልጣን እንደ ከብት የሚሸጥ፣ የሚለወጥ፣ በመያዣ የሚሰጥ ነበር። የቬጊስ ሰዎች ዝም ብለው አልተቀበሉም፣ ለረዥም ጊዜ ተጨቃጭቀዋል። በመጨረሻ ግን የሉሰርን ጓሮ ሆኑ። በእውነትም ጓሮ ነው። ፍራፍሬና አትክልት ጭነው በጀልባ ወደ ሉሰርን ገበያ የሚቀዝፉ ሰዎች ነበሩ።

ያ ጉዳይ ዛሬም ይታያል። ቬጊስ ፊቷ ወደ ሉሰርን ነው። በጀልባ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ናት። ከሦስቱ ትልቋ ናት፣ 4,500 ሰው አካባቢ ይኖርባታል። ሱቁም፣ ካፌውም፣ ሆቴሉም እዚህ ይበዛል፣ የሐይቁ ዳር መራመጃም ረዥምና ደልዳላ ነው። ልጅ በጋሪ የምትገፉ፣ ጉልበቱ የታመመ ሰው የያዛችሁ፣ ወይም ዝናብ ከመጣ የምትሠሩት የሚጠፋባችሁ ከሆነ ብዙ ሳታስቡ እዚህ ያዙ። በቃ።

ታሪክ ፈላጊ ከሆናችሁም ባዶ እጃችሁን አትመለሱም። በ1795 ጁላይ ላይ ከተራራው ቀይ ጭቃ መውረድ ጀመረ። ናዳ ስንል በአንድ ጊዜ የሚደፋ ነገር ነው የሚታየን። ይሄኛው ግን ዝግ ብሎ፣ ለቀናት፣ እንደ ወፍራም ገንፎ እየተገፋ ነው የመጣው። ሰዎች አልጋቸውን፣ ሳጥናቸውን፣ ከቻሉም በሩንና መስኮቱን ነቅለው ለማውጣት ጊዜ ነበራቸው። ቤቱን ግን ማንሳት አይቻልም። ቆመው እያዩ ጭቃው ቤታቸውን እየገፋ ወደ ሐይቁ ሄደ። መራመጃው ላይ ቡና ይዤ ስቀመጥ ሁሌ የሚታየኝ ያ ነው፤ ሩጦ የማይደርስ፣ ግን የማይቆም ነገር።

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ቬጊስ የሰው ማረፊያ ሆነች። አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን በ1878 ከዚህ ተነስቶ በእግሩ ሪጊን ወጥቷል። በ1897 ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር የፈረንጆቹን በጋ ያሳለፈው እዚህ ነው። ሁለተኛው አመጣጥ የሽርሽር አልነበረም፣ ባለፈው ዓመት ሴት ልጁ ሞታበት ነበር። ቬጊስ ውስጥ ሄርተንሽታይን የሚባል ወደ ውሃው የወጣ አንገት መሬት አለ። የመጨረሻው የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ካርል በ1921 በስደት የተቀመጠው እዚያ ነበር፤ ከዚያ ተነስቶ ነው የሀንጋሪን ዙፋን ለመመለስ በአውሮፕላን የሄደው፣ አልተሳካለትም። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ራክማኒኖቭም በ1930ዎቹ እዚያው ቤት ሠራ። ስሙን ሴናር አለው፤ ከሰርጌይ፣ ከሚስቱ ከናታሊያና ከአባት ስማቸው የመጀመሪያ ፊደሎችን ቆርጦ የገጠመው ነው። የዘንድሮ ሰው የልጆቹን ስም ገጥሞ ሱቅ ይከፍት የለ? ያው ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር፣ እኛን ስለሚነኩን። አንደኛው ኳስ ነው። በ2006 የብራዚል ቡድን ለዓለም ዋንጫ የተዘጋጀው ቬጊስ ነበር። ሮናልዲኒዮ፣ ሮናልዶ፣ ካካ፣ ሁሉም። ልምምዱን ለማየት በሺህ የሚቆጠር ሰው እየከፈለ ይገባ ነበር፣ ከበሮ፣ ጭፈራ፣ ካርኒቫል በሉት። ከዚያ በሩብ ፍጻሜ በፈረንሳይ 1 ለ 0 ተሸነፉ፣ ብራዚል ውስጥም "ልምምዱን ሰርከስ አደረጋችሁት" ተባለ። ሁለተኛው ቡና ነው። ስታርባክስ የሚጠቀምባቸውን የቡና ማሽኖች የሚሠራው ቴርሞፕላን የሚባለው ፋብሪካ ያለው እዚሁ ቬጊስ ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ስታርባክስ ገብታችሁ የሲዳማ ቡና ስታዝዙ፣ ቡናው ከኛ፣ ማሽኑ ከዚህች መንደር ሊሆን ይችላል።

ከቬጊስ ወደ ተራራው በ1968 የተከፈተ ኬብል ካር አለ፣ ሪጊ ካልትባድ ላይ ያወጣችኋል። ካልትባድ "ቀዝቃዛ መታጠቢያ" ማለት ነው። ድሮ ሰዎች ለፈውስ ከነልብሳቸው እየገቡ የሚነከሩበት ምንጭ ነው፣ አጠገቡ ዓለት ውስጥ የተሸጎጠች ትንሽ ቤተ ጸሎት አለች። እማዬ ይህን ስነግራት ገና ሳልጨርስ "ጠበል ነዋ!" አለች። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ማሪዮ ቦታ የሚባል አርክቴክት የነደፈው ዘመናዊ መታጠቢያ ተከፍቷል። እሱ ሙቅ ነው፣ ይከፈልበታልም።

የቬጊስ ጉድለት? ብዙ ሰው ያውቃታል። ጁላይና ኦገስት ላይ ውሃው ዳር መቀመጫ ለማግኘት መታገል ነው። ክፍሉም ውድ ነው።

ፊትስናው፤ ባቡር የሠራው

ስለ ፊትስናው ከ1871 በፊት ብዙ የሚወራ የለም። የዓሣ አጥማጆችና የገበሬዎች መንደር ነበረች፣ የቬጊስ ጅራት። ከዚያ ኒክላውስ ሪገንባኽ የሚባል መሐንዲስ መጣ።

ባቡር ዳገት አይወድም። ጎማውም ሐዲዱም ብረት ስለሆነ ዳገቱ ሲበረታ ይንሸራተታል። ሪገንባኽ በሁለቱ ሐዲዶች መሀል እንደ መሰላል ርብራብ ያለው ሦስተኛ ሐዲድ አስገባ። ከባቡሩ ሥር ደግሞ ጥርስ ያለው መዘውር ገጠመ፣ ጥርሱ እያንዳንዷን ርብራብ እየነከሰ ይወጣል። በ1871 ሜይ 21፣ በራሱ የልደት ቀን፣ 54 ዓመት ሲሞላው መስመሩ ተከፈተ። በአውሮፓ የመጀመሪያው ጥርሳም የተራራ ባቡር ነው። አሜሪካ ማውንት ዋሽንግተን ላይ ብቻ ነው በሁለት ዓመት የቀደመው። የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች ቦይለር እንደ ጋን ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር፤ ከ1873 የተረፈው ሰባት ቁጥር ዛሬም አለ።

እዚህ ላይ የምወደው ታሪክ አለ። ባቡሩ ሲከፈት እስከ ተራራው ጫፍ አይሄድም ነበር። ሽታፈልሆኸ የሚባል ቦታ ሲደርስ ይቆማል። ዳገቱ ከብዶት አይደለም። ፈቃዱን የሰጠው የሉሰርን ካንቶን ነው (ካንቶን እንደኛ ክልል በሉት)፣ ጫፉ ግን የሽቪትስ ካንቶን ነው። ድንበሩ እዚያ ነዋ! የቀረውን ሐዲድ በሽቪትስ በኩል የነበረ ሌላ ኩባንያ ሠራውና ለፊትስናው ባቡር አከራየው፣ በ1873 ነው ባቡሩ ጫፍ የደረሰው። የሽቪትሱ ኩባንያ የራሱን መስመር ከተራራው ሌላ ጎን፣ ጎልዳው ከምትባለው ቦታ በኩል በ1875 ጨረሰ። ሁለቱ ተቀናቃኞች አንድ ኩባንያ የሆኑት በ1992 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አንድ ተራራ ላይ ሁለት ኩባንያ፣ አንዱ ቀይ ባቡር፣ አንዱ ሰማያዊ።

ፊትስናው ስትደርሱ ከጀልባው መውረጃ እስከ ባቡር ጣቢያው መንገድ መሻገር ብቻ ነው። ጣቢያው ፊት ለፊት ውሃው ዳር ባቡሩን የሚያዞሩበት ክብ መድረክ አለ፣ ልጆች ካሉ እዚያ አቁሟቸው። ጫፉ ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ነው። ሲወጣ በቀኝም በግራም ትገረማላችሁ፣ ዛፉ የተንጋደደ ይመስላል፣ የተንጋደዳችሁት ግን እናንተ ናችሁ።

ታዲያ ማደሪያነቷስ? እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። ቀን ላይ ጀልባው ጎብኚውን ያራግፋል፣ ባቡሩ ይወስዳል፣ ባቡሩ ይመልሳል፣ ጀልባው ይጭናል። መንደሯን የሚያይ የለም። ስለዚህ ብዙ ሰው "ፊትስናው ግርግር ነው" ይላል። ማታ ግን ባዶ ናት። የሚኖርባት ሰው 1,500 እንኳ አይሞላም፣ ከመጨረሻው ጀልባ በኋላ የምትሰሙት የውሃውን ድምፅ ነው። ዋናው ሐሳባችሁ ሪጊ ከሆነ፣ በተለይ ጠዋት ሕዝቡ ሳይመጣ መውጣት ከፈለጋችሁ፣ እዚህ ማደር ጥሩ ብልሃት ነው። ክፍል ግን ጥቂት ነው። ጥቂቱም በሁለት ጽንፍ የተከፈለ ነው። ከ1903 ጀምሮ ውሃው ዳር እንደ ቤተ መንግሥት የቆመው ፓርክ ሆቴል ለኔና ለናንተ አይመስለኝም፤ ከውጭ ማየት ነፃ ነው።

ዝናብ ከመጣ ገደሉ ውስጥ የተቆፈረ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት የመድፍ ምሽግ አለ። በ1940 ሂትለር ፈረንሳይን ሲጥል የስዊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ጊዛን መኮንኖቹን ሰብስቦ በዚሁ ሐይቅ ላይ "ሽታት ሉሰርን" በሚባል መርከብ፣ ስዊዞች አገራችን ተመሠረተችበት ወደሚሉት ሩትሊ ሜዳ ወሰዳቸው፣ ጁላይ 25 ነበር። እዚያ ሜዳው ላይ ቆመው፣ ጠላት ቢመጣ ተራራው ውስጥ ገብተን እንዋጋለን ተባባሉ። የፊትስናው ምሽግ የዚያ ዕቅድ ልጅ ነው። መርከቡም እስካሁን ይሄዳል፣ በ1928 የተሠራ የእንፋሎት መርከብ ነው። ከዕድሜው አንፃር ከኔ መኪና ይሻላል።

ጌርሳው፤ ራሱን የገዛው

ቬጊስ ከተሸጠች ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1390፣ የጌርሳው ሰዎች ተራው ወደነሱ እንደሚመጣ ሳይገባቸው አልቀረም። በነሱ ላይ ያለውን መብት በመያዣ ይዞ የነበረው ፎን ሞስ የሚባል የሉሰርን ባላባት ቤተሰብ ነው። ገንዘብ አሰባሰቡ። 690 የፕፌኒግ ፓውንድ፣ የዘመኑ ገንዘብ ነው። ከፍለው መብቱን ራሳቸው ገዙት። ማለትም የራሳቸው ጌታ ራሳቸው ሆኑ። በ1433 ንጉሠ ነገሥት ሲጊስሙንድ ይህንኑ አጸደቀላቸው። ከዚያ በኋላ በነሱና በንጉሠ ነገሥቱ መሀል ሌላ ጌታ የለም።

ከ1390 እስከ 1798 ይቁጠሩ። አራት መቶ ዓመት ያለፈ ሪፐብሊክ ነው፣ ያውም አንድ መንደር። የራሳቸው ሸንጎ ነበራቸው፣ ወንዶቹ ሜዳ ላይ ተሰብስበው ሹማቸውን ይመርጣሉ። የራሳቸው ፍርድ ቤት ነበራቸው፣ እስከ ሞት ድረስ የሚፈርድ። የራሳቸው መስቀያም ነበራቸው። ስለ መስቀያው የሚወራ ቀልድ አለ። ጎረቤቶቻቸው በትንሿ አገር ሊያላግጡ አንድ ሌሊት የገለባ ሰው መስቀያው ላይ አንጠልጥለው ይሄዳሉ። የጌርሳው ሰዎች ሲነጋ አዩት። አላወረዱትም። የጎረቤቶቹን ካንቶን ቀለም አለበሱትና ተዉት።

ራሱን የቻለ መንደር መሆን ሌላም ነገር አመጣ። በየዓመቱ ለተወሰኑ ቀናት ለማኞች፣ ዘዋሪ ነጋዴዎች፣ የኒሽ የሚባሉት ተጓዥ ሕዝቦች ከየአገሩ እየመጡ ጌርሳው ላይ ይሰበሰቡ ነበር። ሌላው ቦታ ይባረራሉ። እዚህ ይበላል፣ ይዘፈናል፣ ይጋባሉ። በዓሉ በ1832 ተከለከለ፣ በኛ ዘመን ደግሞ እንደገና ተጀምሯል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሐር ክር ንግድ ሀብት አመጣ፣ ካመንዚንድ የሚባለው ቤተሰብ ስሙ ከሐሩ ጋር ተያይዞ ቀርቷል። አሁንም መንደሩ ውስጥ ስትዘዋወሩ ለዓሣ አጥማጅ የማይመጥኑ ትልልቅ ቤቶች ካያችሁ የሐር ገንዘብ ነው በሉ። ከ1807 እስከ 1812 የተሠራው የቅዱስ ማርሴሉስ ቤተ ክርስቲያንም ለመንደሩ ከመጠን በላይ ነው። በ1798 ሪፐብሊኩን አጥተው፣ ባጡ በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ቤተ ክርስቲያን መጀመር ምን ይባላል? እልህ ይመስለኛል።

ያጡት ፈረንሳዮች መጥተው ስዊዘርላንድን አዲስ ሲያዋቅሯት ነው። በ1814 መለሱት። ግን ትልልቆቹ ካንቶኖች አንድ መንደር ለብቻው አገር ሆኖ እንዲቀጥል አልፈለጉም፣ በ1817 ወሰኑ፣ ከ1818 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ጌርሳው የሽቪትስ ካንቶን ሆነች። አንድ ነገር ብቻ ቀረላቸው። ዛሬም ጌርሳው ለብቻዋ አንድ ወረዳ ናት፣ ወረዳውም አንድ መንደር ብቻ ነው ያለው።

ከእማዬ ጋር ያረፍነው እዚህ ነበር። ስህተቴ ምን መሰላችሁ፤ "ሉሰርን አጠገብ" ብዬ ነው የያዝኩት። ሉሰርን በጀልባ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ ጀልባው አፍንጫዎቹን አልፎ ወደ ማዶ ቤከንሪድ ተሻግሮ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው ቀን ከተማ ውለን ስንመለስ የመጨረሻው ጀልባ አምልጦን ነበር። በባቡር ብሩነን፣ ከብሩነን በአውቶቡስ። አውቶቡሱ ገደሉን ታኮ ሲሄድ በቀኝ ዓለት፣ በግራ ጥቁር ውሃ። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። በመንገዱ ላይ አንዲት ትንሽ ቤተ ጸሎት አለች፣ የተገደለ ልጅ መታሰቢያ ናት። በተረቱ አንድ አዝማሪ ከሰርግ ሲመለስ ልጁ በርሃብ ቢያለቅስበት ጭንቅላቱን ከዓለት አጋጭቶ ገደለው ይባላል። ይህን ያነበብኩት በኋላ ነው። ለእማዬ አልነገርኳትም።

በሁለተኛው ቀን ሉሰርን አልሄድንም። በሦስተኛውም። እማዬ ውሃው ዳር አንድ አግዳሚ ወንበር መርጣ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች። ጀልባው ሲመጣ ትቆጥራለች፣ ማን ወረደ፣ ማን ወጣ። ጌርሳው 2,000 ምናምን ሰው ነው ያላት፣ በሦስተኛው ቀን ሰላም የሚሏት ሰዎች ነበሩ። የጌርሳው ጥቅም ይሄ ነው። ዝምታ ከፈለጋችሁ፣ መጽሐፍ ይዛችሁ ከሆነ፣ ወይም መኪና ካላችሁ። በሞቃቱ ወራት መኪና የሚጭን ጀልባ ወደ ቤከንሪድ ያሻግራል፣ ከዚያ አውራ ጎዳናው ቅርብ ነው። ተራራ ለመውጣት ግን እንደ ሁለቱ ከውሃው ዳር የሚነሳ ነገር የለም። ከመንደሩ በላይ ካለው ግሽቬንድ የምትነሳ ትንሽ ኬብል አለች፣ ወይ በእግር ነው። 1,699 ሜትር ያለው ሆኽፍሉ ለጠንካራ እግር ብቻ ነው።

ከመያዛችሁ በፊት

ከሦስቱ አንዱም መደበኛ የባቡር ጣቢያ የለውም፣ የፊትስናው ባቡር ወደ ላይ እንጂ ወደ ሌላ ከተማ አይሄድም። ስለዚህ በአውቶቡስ ለቬጊስ በኩስናኽት በኩል፣ ለጌርሳው በብሩነን በኩል ግቡ። ሻንጣ ካልከበዳችሁ ግን ከሉሰርን በጀልባ ነው መድረስ ያለባችሁ፣ ሌላው ሁሉ ከኋላ በር መግባት ነው። ከውጭ ለምትመጡ ስዊስ ትራቭል ፓስ የሚባለው የጎብኚ ቲኬት ጀልባውንም የሪጊን ባቡሮችም ይሸፍናል። እዚሁ ለምንኖር ሃልብታክስ የሚባለው የቅናሽ ካርድ ዋጋውን በግማሽ ይቀንሳል። የመጨረሻውን ጀልባ ሰዓት ጠዋት እዩት፣ ማታ አይደለም። ከሜይ በፊትና ከኦክቶበር በኋላ ጀልባው ይቀንሳል፣ የድሮዎቹ የእንፋሎት መርከቦችም በብዛት ያርፋሉ።

ሁለት ሌሊት ብቻ ካላችሁና ልጆች ካሉ፣ ቬጊስ። አንድ ሌሊት ብቻ ከሆነና ሪጊን ካላየሁ ካላችሁ፣ ፊትስናው። አራትና ከዚያ በላይ ካላችሁ ጌርሳው ያዙና ሁለቱን በቀን ጉዞ እዩአቸው፣ ተገላቢጦሹን አትሞክሩ፤ ጌርሳውን በሁለት ሰዓት ያየ ሰው "ምንም የለም" ብሎ ነው የሚመለሰው። ከአሮጌ ሰው ጋር ከሆናችሁ በዋጋ አትምረጡ፣ ከክፍሉ እስከ ውሃው ስንት ደረጃ እንዳለ ደውላችሁ ጠይቁ። እኛ ያረፍንበት ቤት ማስታወቂያው ላይ "ከሐይቁ አምስት ደቂቃ" ይላል። ሲወረድ ልክ ነው።

ዘንድሮ እማዬ እንደገና ልትመጣ ነው፣ የእህቴ ሁለት ልጆችም አብረው አሉ። ለልጆቹ ብዬ ቬጊስ ይዣለሁ፣ መዋኛውም ኬብል ካሩም ቅርብ ነው። በስልክ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ "ያቺ ወንበሬስ?" አለችኝ። አንድ ቀን በጀልባ እንደምንሄድ ቃል ገባሁላት፣ የመመለሻውን ሰዓትም ከአሁኑ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ።